የተሳሳተውን ጥርስ ፍለጋ፦ ከመሐል ሜዳ አቃቂ በበግ መኪና

አቃቂ ደርሼ መመለሴን የሰማ የመሐል ሜዳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ፎቁ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። ፎቅስ አይቻለሁ፤ አራተኛው ላይም አድሬያለሁ። ዳሩ ግን እኔ እዚያ ድረስ የሄድኩት የሞተር ሳይክል ሆድ ለማየት ነው። ስለ ፎቅ ብቻ መስማት የፈለገ የሐሙስን መጨረሻ አንብቦ ሌላውን ይተወው፤ አልቀየመውም።

አስናቀች እባላለሁ፤ ሥራዬ የእጅ ፓምፕ መጠገን ነው። የውኃ ኮሚቴያችን አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ሰጥቶኝ ከቀበሌ ቀበሌ የምዞረው በእሷ ነው። ስሟን ቀዮ ብያታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ሴት በሞተር!» እያሉ ያላገጡብኝ ሽማግሌዎች ዛሬ ጥሩምባዋን ሲሰሙ በጎቻቸውን ከመንገድ ያነሡልኛል። ባሌ ሽፈራው ደግሞ የከተማችን የሞተር ሜካኒክ ነው። እንዲህ ያለ ባል ያላት ሴት ሞተሯ ይበላሻል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ግን የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው።

ቀዮ ከገና በኋላ ጭስ አበዛች። ሽፈራው ፈታት፣ የፒስተኗን ቀለበት ቀየረላት፣ ገጠማት። ጭሱ ጠፋ፤ እሷ ግን ባሰባት። ለማስነሣት ስመታት መርገጫዋ እግሬን መልሶ ይመታኛል። ብትነሣም ዳገት ላይ ትልፈሰፈሳለች፤ ቤንዚኗ ከአየር በሚደባለቅበት በካርቡራተሯ በኩል ወደ ኋላ እንትፍ ትላለች። ሽፈራው ደጋግሞ ፈታ፣ ደጋግሞ ገጠመ። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ ጠረገና «ብረትም ይሞታል» አለ።

ይኼን ቃል ኮሚቴው ሰማ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስቦ ቀዮን በሚመጣው እሑድ ለመለዋወጫ ሊሸጣት ወሰነ። ቀዮ ከተሸጠች ከገደሉ ማዶ ላሉት ፓምፖች የሚደርስላቸው የለም፤ ያን ሁሉ ቱቦና ቁልፍ ተሸክሜ በእግሬ አልዘልቀውም። የማዶ ሴቶች ወደ ገደሉ ምንጭ ይመለሳሉ ማለት ነው። ያ ምንጭ አክስቴን ከነእንስራዋ የወሰደ ምንጭ ነው። ስለዚህ ሽፈራውን «አቃቂ እወስዳታለሁ» አልኩት።

«እኔ ያላዳንኳትን ማን ሊያድናት?»

«ሌላ ሰው ይያት። ከዚያ በኋላ ሞታለች ከተባለ እኔው ራሴ ጎትቼ እሸጣታለሁ።»

ለምን አቃቂ ለሚል፦ የበግ ነጋዴው ጋሽ ደምሴ በራሳቸው አይሱዙ በጋቸውን የሚያራግፉት አቃቂ የከብት ገበያ ነው። የአጎቴ ልጅ ብዙነሽም የምትኖረው ከዚያ አለፍ ብሎ ቱሉ ዲምቱ ነው። መኪናና ማደሪያ ካገኘሁ ሜካኒክ አላጣም አልኩ።

ረቡዕ

ሽፈራው አኩርፎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቀዮን ከመኪናው ጋር ያሰራት እሱ ነው። ሌላ ሰው ገመዱን ሲነካ «ተው፣ እንደሱ አይታሰርም» ብሎ ነጠቀው። መሪዋን ከበግ ፀጉር በተሠራ አሮጌ ባና ጠቀለለላት። ለእኔ ግን ደኅና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ ወደ ቤት ገባ። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁና አልከፋኝም።

በጎቹ ከኋላ፣ ቀዮ በበጎቹ መሐል፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ሆነን ተነሣን። ያን ቀን አመዳዩ እስከ ረፋድ አልለቀቀም። የጋሽ ደምሴ መኪና መስኮት አይዘጋምና እስከ ጣርማ በር ድረስ ጋቢዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ቀኑ ጾም ስለሆነ ስንቄ የገብስ ቆሎና ዳቦ ነበር። ጋሽ ደምሴ በአንድ እጃቸው መሪ፣ በአንድ እጃቸው ቆሎዬን ይዘው ስለ መንገዱ ያማርራሉ፤ ቆሎው ሲያልቅ ማማረሩም አለቀ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ በጎቹ በአንድ ግቢ እንዲያድሩ አወረድናቸው። ቀዮን ሳያት ደነገጥኩ፤ አንዱ ሙክት የመቀመጫዋን ልብስ በልቶ ስፖንጁ ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ደምሴ ስፖንጁን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው «ለበጉ ነው የማዝነው» አሉ። ያደርኩበት አልጋ ቤት ሁለት ብርድ ልብስ ነበረው፤ ሁለቱ ተደርበው የእኛን አንድ ባና አያክሉም።

ሐሙስ

ሲነጋጋ ግቢው ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሥቷል። የሌላ ነጋዴ በጎች እዚያው አድረው ኖሮ ከእኛዎቹ ጋር ተቀላቅለዋል። ነጋዴው «ይኼ የእኔ ነው»፣ ጋሽ ደምሴ «ይኼማ የእኔ ነው» እያሉ አንዱን በግ ከግራና ከቀኝ ይዘውታል። ከባድ መኪና አዲስ አበባ የማይገባበት ሰዓት ሳይደርስ መሄድ ነበረብን፤ እኔም ትዕግሥቴ አለቀና መሐላቸው ገባሁ።

እኛ አገር በግ ከጆሮው ይታወቃል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው፤ አንዱ ጫፉን ይቆርጣል፣ አንዱ መሐሉን ይሰነጥቃል፣ አንዱ ከሥሩ ይበሳል። እኔ በግ ቆጥሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጆሮ ጆሮውን እየያዝኩ «ይኼ የእነ እገሌ ነው፣ ከእኛ አገር ነው፤ ይኼ ደግሞ አይደለም» እያልኩ ለየሁላቸው። ነጋዴው አመነኝ። ጋሽ ደምሴ ግን አንዱን ኮሰስ ያለ በግ አሳዩኝና «ይኼስ ደኅና ነው? ጆሮው ምን ይላል?» አሉኝ።

«ጆሮው የማን እንደሆነ እንጂ ደኅና መሆኑን አይናገርም» አልኳቸው። ይችን ነገር እኔው ተናግሬ እኔው ረሳኋት።

አዲስ አበባ በጊዜ ገባን። በቀለበት መንገዱ ዞረን፣ ሳሪስን አልፈን፣ ቃሊቲን ተሻግረን አቃቂ ወረድን። ወረድን የምለው በእውነት ነው፤ ከእኛ ዳገት አንጻር አገሩ ሁሉ ጎድጓዳ ነው። ከጋቢዬ በታች ላብ ሲወርደኝ ተሰማኝ። እኛ ጋ በጥር ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ እዚያ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፏል። የፋብሪካው ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ አብሮ ይራመዳል፤ ባጃጁ በየጉድጓዱ ይዘላል። ጋሽ ደምሴ በከብት ገበያው አራገፉንና «ቅዳሜ ጠዋት ባዶዬን ስመለስ እዚሁ ላግኝሽ፤ ከቀረሽ አልጠብቅም» ብለው ወደ በጎቻቸው ሄዱ።

እዚያው አስፋልቱ ዳር ያገኘሁት የመጀመሪያው ጋራዥ ጮሌ ልጅ ነበረበት። ቀዮን አንዴ ረገጣት፤ እንትፍ አለችበት። «በቃ፣ ሙሉ ሄዱ ይቀየር፣ ማዘር» አለኝ፣ ስልኩን እያየ፤ ሄድ የሚሉት የሞተሩን ራስ ነው። «ሳትከፍተው?» ስለው «ልምድ ነው» አለኝ። ልምዱን ለራሱ ትቼለት ቀዮን እየገፋሁ ወጣሁ።

የክልል ታርጋ ያላት ሞተር በዚያ ከተማ እንደልብ አትነዳም አሉኝ፤ ብትነዳስ ምን ጉልበት አላት? ትንሽ እንደገፋሁ ላብ አጠመቀኝ። ባዶ የአህያ ጋሪ ይዞ የሚያልፍ ሰውዬ ቆመና «ሞተሯ ታማለች?» አለ። «ታማለች» ስለው ሌላ ሳይጠይቅ የፊት ጎማዋን አነሣልኝ። ቀዮ በአህያ ጋሪ ተጭና አቃቂን ዞረች። መሐል ሜዳ ቢሆን እስከ ፋሲካ ይሣቅብኝ ነበር፤ እዚያ ግን ዞር ብሎ ያየ የለም። ባለ ጋሪው በአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ አለፈና የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ በር ላይ አቆመኝ። «ኑሪ ሳይፈትሽ አይናገርም» አለኝ።

ግቢው የኦቦ ቶላ ነው። ኦቦ ቶላ ከዚያ አካባቢ የድሮ ገበሬዎች አንዱ ናቸው፤ ሽንብራ ያበቅሉበት የነበረው ሰፊ መሬት ዛሬ መጋዘንና ሰፈር ሆኗል። በቀራቸው ግቢ ውስጥ ለኑሪ ቦታ አከራይተውታል። ኑሪ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀጠን ያለ የስልጤ ሰው ነው፤ ሥራ ሲይዝ ያፏጫል። ያመጣኝን ሁሉ ነገርኩት። እሑድን፣ ኮሚቴውን፣ የማዶ ሴቶችን፣ የቅዳሜዋን መኪና።

«ባልሽ ሜካኒክ ነው አልሽኝ? እንግዲህ እሱ ያየውንም እንደገና አያለሁ፤ እንዳትቀየሚ።»

«የመጣሁት ለዚሁ ነው» አልኩት።

እሳት የሚሰጣትን ካንዴላ ፈትቶ ብረት ላይ አስደግፎ አስመታኝ፤ እሳቱ ሰማያዊና ጠንካራ ነው። ቤንዚኑ ይወርዳል። ከዚያ አውራ ጣቱን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጫነና «ምቺ» አለኝ። መታሁ። ጣቱን በደንብ አልገፋውም። «እመቃው ደካማ ነው። አየሩ የሆነ ቦታ ያመልጣል» አለ። ከዚያ የላይኛውን ክዳን ከፈተ።

እዚህ ላይ ሞተር ከፍቶ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ከሞተሩ አናት ላይ ካምሻፍት የሚሉት ዘንግ አለ። ሁለት በሮችን በየተራ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ አንዱ ቤንዚን ማስገቢያ፣ አንዱ ጭስ ማስወጫ ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ጥርስ ያለው ክብ ብረት አለ፤ ሰንሰለት ከታች ካለው ፒስተን ጋር ያገናኘዋል። ፒስተኑና በሮቹ ተግባብተው እንዲሠሩ ያ ክብ ሲገጠም ምልክቱ ከምልክት ጋር መግጠም አለበት። ይኼ ነው ታይሚንግ የሚሉት። ኑሪ የታችኛውን ምልክት አመጣና የላይኛውን ክብ አየ። ሁለት ጠለቅ ያሉ ነጥቦች ሞተሩ አካል ላይ ከተቀረጸው መለኪያ ፊት በትክክል ቆመዋል።

«ታይሚንጉ ልክ ነው» አለ፤ አፏጨ። «እንግዲያ በሮቹ ተቃጥለው ይሆናል። ነገ ሄዱን አወርዳለሁ።»

ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ሄድኩ። ብዙነሽ ከሥራ ስትመለስ ታች ሆኜ ጠበቅኋት፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን አብረን ወጣን። እሷ አትደክምም፤ እኔ የገደል ሰው ሆኜ በደረጃ ተሸነፍኩ። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ በአንዱ ግድግዳ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ በሌላው የጎረቤት ሕፃን ይሰማል። አልጋዋን ለእኔ ለቀቀችና ራሷ ፍራሽ ዘርግታ ተኛች። እምቢ ብላት «መሐል ሜዳ ስመጣ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። አልጋው ላይ ወጣሁ። ውኃ በባልዲ ቀድታ ስታስቀምጥ አየሁና ገረመኝ፤ ፎቅ ላይም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፎቁ ይኼ ነው።

ዓርብ

ጠዋት ስደርስ ኑሪ እያመነታ ነበር። «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። «ሄዱን ካወረድኩት ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ይቀደዳል። የዚችን ዓይነት ጋስኬት ደውዬ ጠይቄአለሁ፤ ከሰኞ በፊት አይገኝም። አስቢበት፤ ከጁምዓ ስመለስ ትነግሪኛለሽ።» እጁን ታጥቦ፣ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

ሰኞ ማለት ለእኔ ቀዮ ተሸጣለች ማለት ነው። ቀዮ ፊት ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ኦቦ ቶላ ከወንበራቸው ሆነው አዩኝና «ልጄ፣ የተከፈተ ሞተር ፊት ተቀምጦ ማዘን አይዘጋውም» አሉ። ቀጥለው ወደ ቤት ተጣሩ፤ ባለቤታቸው ሽሮ በእንጀራ አቀረቡልን። እሳቸውም ጿሚ ናቸው። ሽሯቸው ከእኛ ሽሮ ይቀጥናል፤ በርበሬያቸው ግን ይበረታል።

ከበላሁ በኋላ ሥራ መፍታት አልወድምና ጨርቅ በላምባ ነክሬ የቀዮን ሆድ መጥረግ ጀመርኩ። የተቃጠለው ዘይት ጥቁር ቅርፊት ሠርቷል። ያን ጥርሳም ክብ ሳጸዳ ሁለቱ ነጥቦች ቁልጭ ብለው ወጡ። ከሥራቸው አጭር ጭረት አለች። ሁለት ነጥብ፣ አንድ ጭረት። ይኼን ነገር የት ነው የማውቀው?

የቤቴ ላምባ ምድጃ ቂጥ ላይ።

ሽፈራውን ሙያ ያስተማሩት ጋሽ ተክሌ የሚባሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሐል ሜዳ የመጀመሪያው ሜካኒክ ነበሩ። የፈቱትን ዕቃ ሁሉ በእጃቸው እንዳለፈ ለማሳወቅ እንደ በግ ጆሮ ምልክት ይመቱበት ነበር። ወፍጮ ቢሆን፣ ሞተር ቢሆን፣ ምድጃ ቢሆን አይቀርላቸውም። ሽፈራውም ያንኑ ምልክት ወርሶ እስከ ዛሬ ይመታል። ቀዮን ኮሚቴው ሲገዛት አሮጌ ስለነበረች መጀመሪያ የከፈቷት እሳቸው ናቸው። ጨርቁን ጣልኩ። ከነጥቦቹ ጎን ያለውን ቅርፊት በጥፍሬ ፋቅሁ፤ አንድ ጥርስ ያህል ፈቅ ብላ ፀጉር የመሰለች ቀጥ ያለች መስመር ብቅ አለች።

ኑሪ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ያዝኩት።

«ኑሪ፣ ምድጃ ታይሚንግ አለው?»

«ምን?»

«የቤቴ ምድጃ ላይ እነዚህ ሁለት ነጥቦች ከነጭረታቸው አሉ። ይኼ የሰው ምልክት ነው፤ የበግ ጆሮ ነው። የማን እንደሆነ እንጂ ደኅና መሆኑን አይናገርም።»

ኑሪ ጎንበስ ብሎ ነጥቦቹን አየ፤ ቀጥሎ ቀጭኗን መስመር አየ። ማፏጨቱን ተወ። «እኔም ትናንት አምኜው ነበር» አለ። «ጠልቆ ስለተመታ አመንኩት። ቆይ፣ የአንቺንም መስመር እንዲሁ አላምንም። ምልክቱን ሁሉ እንተወውና ራሱን ፒስተኑን እንጠይቀው።»

ከተሰቀለ የብስክሌት ጎማ ላይ አንድ ሽቦ ነቀለና በካንዴላው ቀዳዳ አስገባው። ሽቦውን እኔ በሁለት ጣቴ ይዣለሁ፤ እሱ ሞተሩን በእጁ ያዞራል። ሽቦው ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ቆመ። «እዚህ ነው» አልኩት። ፒስተኑ አናት ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ የታችኛው ምልክትም ተስማምቷል። «አሁን በሮቹን እይ» አለ። «ጭሱ ወጥቶ አልቆ ቤንዚኑ ሊገባ ሲል፣ ፒስተኑ አናት ላይ ሆኖ፣ ሁለቱም በሮች እኩል ትንሽ ገርበብ ማለት አለባቸው። አንዱ ሲዘጋ አንዱ ሲከፈት።»

አየሁ። የጭሱ በር ገና ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የቤንዚኑ በር አልነቃም።

«ዘግይተዋል» አለ ኑሪ። «ሁለቱም ዘግይተዋል። ቤንዚን አስገቢው ዘግይቶ ከተከፈተ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው።»

ይኼን ጊዜ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ፓምፕ ላይ ከታች ያለችው ላስቲክ ክዳን በጊዜ ካልተዘጋች፣ እጀታውን ስትጫኚ የወጣው ውኃ ተመልሶ ይወርዳል። ሴቶቹ «ፓምፑ ደከመ» ይላሉ፤ ፓምፑ አልደከመም፣ ክዳኗ ዘግይታ ነው። ቀዮም ያስገባችውን ሳትዘጋ ስታምቅ መልሳ በካርቡራተሯ ትተፋዋለች። ለኑሪ ይኼንን ስነግረው «እሱን ነው» አለ፤ «እመቃዋን ያደከመው እሱ ነው። በሮቹ አልተቃጠሉም፤ ሄዱም አይወርድም።»

ሰንሰለቱን አላላ፣ ክቡን ፈታ፣ አንድ ጥርስ አሳልፎ መለሰው። ቀጭኗ መስመር መለኪያው ፊት ቆመች። ልመታት ስነሣ ግን ክንዴን ያዘ። «በእጅ ሳይዞር አይመታም። ካጠፋን በሩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል።» በእጁ ቀስ እያለ ደጋግሞ አዞረ፤ የሚነካካ ነገር የለም። ሽቦው አናት ሲደርስ ሁለቱም በሮች እኩል ገርበብ አሉ። አውራ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አድርጎ ሲያስመታኝ አየሩ ጣቱን ፏ አድርጎ ወረወረው። ሣቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ወደ አጥሩ ዞር አልኩ።

ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ኑሪ ሞረድ አነሣ። «ሌላ ሰው እንዳያሳስት ነጥቦቹን ላጥፋቸው?»

«ተዋቸው» አልኩት። «የሞተ ሰው ምልክት ነው። መጥፋት ካለባቸው የሚያጠፋቸው ሽፈራው ነው።»

ስመታት መጀመሪያ ዝም አለች። እንደገና መታሁ፤ ተነሣች። እግሬን መልሳ አልመታችም፣ አልተፋችም። ግን ዳገት ላይ ካላየኋት አላምንም አልኩ፤ መንገድ ላይ ደግሞ አትነዳም። ኦቦ ቶላ ተነሥተው ከግቢያቸው ኋላ ወደ ወንዙ የምትወርደውን ተዳፋት አሳዩኝ። «የቀረችኝ እቺ ናት» አሉ።

«ሸክም ያስፈልጋል» አለ ኑሪ። «ባዶዋንማ ማንኛዋም ትወጣለች።»

«እኔ እሆናለሁ» አሉ ኦቦ ቶላ።

«አንቱ? ኧረ አይሆንም፣ ብትጥለንስ?» አልኳቸው።

«በገዛ መሬቴ ብወድቅ ምን ይለኛል?» ብለው በተበላው መቀመጫ ላይ ከኋላዬ ተፈናጠጡ። ታች ወንዙ ዳር ድረስ ወረድን። ከዚያ ዞሬ ወደ ላይ ለቀቅኋት። ቀዮ ሽማግሌውንና እኔን ይዛ፣ ሳትልፈሰፈስ፣ ድምፅዋ ሳይቆራረጥ ወጣች። ኦቦ ቶላ ከላይ ሲደርሱ ጋቢያቸውን አስተካክለው «አንዴ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

ኑሪ የሥራውን ተቀበለ፤ ያቺን የብስክሌት ሽቦ ግን በጨርቅ ጠቅልሎ በስጦታ ሰጠኝ። «ለባልሽ» አለ። «ከሜካኒክ ለሜካኒክ በይው።»

ቅዳሜ

ብዙነሽ ሥራ ከመሄዷ በፊት በሚኒባስ እስከ ከብት ገበያው ሸኘችኝ፤ ኑሪና ባለ ጋሪው ቀዮን አድርሰውልኝ ነበር። ጋሽ ደምሴ ደርሰዋል። በዚህ ጊዜ በግ ስለሌለ ቀዮ ብቻዋን እንደ እመቤት ተጫነች። እሳቸው ወደ ደብረ ሲና የሚወርዱ ስለሆኑ ጣርማ በር ላይ አወረዱኝ። «ሳትደርሺ ብትቆምብሽስ?» አሉኝ።

«አትቆምም።»

ጉሙ መንገዱን ውጦታል። አቃቂ የሰጠኝ ሙቀት ጣርማ በር ላይ በአንድ ጊዜ ከላዬ ተገፈፈ፤ ጣቶቼ መሪው ላይ ደነዘዙ። አንዱ ጭቃ ያለበት መታጠፊያ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ፤ መስተዋቷ ተሰበረ፣ ጉልበቴ ተላጠ። አነሣኋት፣ መታኋት፣ በአንዴ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት ሁሉ እየዘፈንኩ ወጣሁት፤ የሚሰማኝ ስላልነበረ አላፈርኩም።

ሽፈራው ድምፅዋን ከሩቅ ሰምቶ በር ላይ ወጥቶ ቆሟል። መጀመሪያ ያየው ጉልበቴን ነው። «ወድቀሽ ነው?» አለ። ቀጥሎ ጆሮውን ወደ ሞተሯ ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ምኗ ነው?»

«አንድ ጥርስ።»

«ምልክቱ ልክ ነበር እኮ።»

«የትኛው ምልክት?»

«የጋሽ ተክሌ» አለ፤ እንዳለውም ፊቱ ተለወጠ። ምድጃውን ገልብጬ አሳየሁት። ሽቦዋን ከጨርቋ ፈትቼ፣ ኑሪ ያለውን ብዬ፣ አጠቃቀሟን ነገርኩት። ሰማኝ። ሽቦዋን ግን አልተቀበለኝም፤ መልሼ ኪሴ ከተትኳት። ራቱን አልበላም። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ሰው ነውና ለእሑዱ ፈራሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰበሰበ። ቀዮን አስነሥቼ መሐላቸው አቆምኩ። ሰብሳቢያችን አቶ መኮንን ዳገቱን ወጥቼ እንድወርድ አዘዙኝ፤ ወጥቼ ወረድኩ። «እንግዲህ አትሸጥም» አሉ። ቀጥለው ወደ ሽፈራው ዞሩና ሁሉም የፈራውን ጥያቄ ጠየቁት፦ «አንተ፣ ሞታለች አላልክም ነበር?»

እኔ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ሽፈራው እጁን አነሣና አስቆመኝ።

«ብያለሁ። አልሞተችም ነበር። ጋሽ ተክሌ ውስጧን ሲከፍቱ የመቱትን ነጥብ፣ እሳቸው የመቱት አይሳሳትም ብዬ፣ እንደ ሞተሩ ምልክት ቆጥሬ በእሱ ገጠምኩ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እኔም እንደሳቸው ስንት ሞተር ውስጥ መትቻለሁ።» ከኮቱ ኪስ ነጥብ መምቻ ብረትና ትንሽ መዶሻ አወጣ። ቀዮ ፊት ተንበርክኮ ከውጭ፣ የክዳኗ ጠርዝ ላይ፣ ማንም በማይሳሳትበት ቦታ፣ ሁለት ነጥብ አንድ ጭረት መታ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው» አለ።

 ከኋላ የቆመ አንድ ገበሬ ሰው ገፍቶ ወደ ፊት ወጣ።

«ሽፈራው፣ የእኔንም ሞተር ሞታለች ብለኸኝ ለቁራሌው ሸጬአታለሁ።»

ሽፈራው ከተንበረከከበት አልተነሣም። «አስታውሳለሁ» አለ። «ይቅር በለኝ።»

 «እሷስ ሄደች» አለ ገበሬው። «የወንድሜ ግን ሞታለች እንዳልካት ጎተራ ሥር ቆማለች። ዶሮ ነው የሚያድርባት።»

«ነገ አምጣት።»

ሽፈራው ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ወደ እኔ መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«ሽቦዋን ስጪኝ» አለኝ።